ምዕራፍ ስድስት፦ የእንቅልፍ ዕዳ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ እኔ ራባውል ላይ ነኝ። የኮምፒውተሩ ስክሪን የሚያሳየው ጊዜ ሴፕቴምበር 1942 ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጃፓንን የያዝኩት እኔ፣ አሜሪካንን የያዘው ሌላ ከተማ የሚኖር ባላጋራዬ ነው። ራባውል ላይ ካሉኝ የተዋጊ አውሮፕላን ምድቦች አንዱን ስጫን የአብራሪዎቹ ዝርዝር ተዘረገፈ፤ ስም፣ ማዕረግ፣ ልምድ፣ ሞራል፣ ድካም። ከሳምንት በፊት በድካም ዓምድ ሥር የነበሩት ቁጥሮች አብዛኞቹ ባለ አንድ አሃዝ ነበሩ። አሁን ከሠላሳ በታች የሆነ ሰው ብፈልግ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው።

አውሮፕላኖቹ ደህና ናቸው። ነዳጅም ጥይትም ሞልቷል። ባላጋራዬ ነገ ጓዳልካናል ላይ መርከብ እንደሚያራግፍ የቅኝት በረራዎቼ ነግረውኛል። ልላካቸው ወይስ ላሳርፋቸው? ጥቂት አሰብኩና ላክኋቸው። በማግስቱ ሪፖርቱን ስከፍት ስድስት አውሮፕላን ጎድሏል። ጠላት የጣለው ሁለቱን ነው። አራቱ ወይ በመመለሻቸው ባሕር ላይ ቀርተዋል፣ ወይ ማኮብኮቢያው ላይ ተሰባብረዋል።

ይህ ምዕራፍ ስለ እነዚያ አራቱ ነው።

ጨዋታው «ዋር ኢን ዘ ፓሲፊክ፦ አድሚራልስ ኤዲሽን» ይባላል። ማትሪክስ ጌምስ በ2009 ለገበያ ያቀረበው ሲሆን፣ መሠረቱ ጋሪ ግሪግስቢና ባልደረቦቹ በ2004 ያወጡት የፓሲፊክ ጦርነት ጨዋታ ነው። ካርታው ከህንድ እስከ አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የተዘረጋ ነው፤ እንደ ማር እንጀራ በባለ ስድስት ማዕዘን ክፍሎች ተሸንሽኗል፤ የእያንዳንዱ ክፍል ስፋት 40 የባሕር ማይል፣ 74 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አንዱ ተራ አንድ ቀን ነው። ከዲሴምበር 7 ቀን 1941 ተነስቶ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት እጅ መስጠትን በሬዲዮ እስካወጁበት እስከ ኦገስት 15 ቀን 1945 ድረስ ቢቆጠር 1,347 ቀን ይሆናል። በቀን አንድ ተራ በኢሜይል የሚለዋወጡ ሁለት ሰዎች ጨዋታውን ለመጨረስ ጦርነቱ ራሱ የፈጀውን ዓመት ይፈጅባቸዋል ማለት ነው። ትዳር ያለው ሰው ቢያስብበት ጥሩ ነው።

እንዲህ ያለ ግዙፍ ጨዋታ ውስጥ የአንድ አብራሪ ድካም ምን ቦታ አለው? የድሮዎቹ የሰሌዳ ጨዋታዎች ነገሩን በቀላሉ ይገላገሉት ነበር። የበረረው አውሮፕላን ካርቶኑ ይገለበጣል፤ በሚቀጥለው ተራ ተመልሶ ይቀናና ትኩስ ሆኖ ይነሣል። ድካም የአንድ ተራ ጉዳይ ብቻ ነበር። ወደ ሌላው ጫፍ የሄደ አንድ ጨዋታ አለ፤ ሪቻርድ በርግ የደረሰውና በ1979 የታተመው የሰሜን አፍሪካ ዘመቻ ጨዋታ። ዐሥር ተጫዋች ይፈልጋል፣ ለመጨረስ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰዓት ገደማ ይፈጃል ይባላል፤ ስሙን ያስጠራውም የጣሊያን ወታደሮች ፓስታ መቀቀያ የሚሆን ተጨማሪ ውሃ እንዲሰጣቸው የሚያዝዘው ሕግ ነው። እኔን ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ተጫዋቾቹ አውሮፕላኖችንና አብራሪዎችን አንድ በአንድ በእርሳስ እየመዘገቡ መከታተል ነበረባቸው። በርግ ምን ለማለት እንደፈለገ ይገባኛል፤ የአየር ኃይል ማለት በስም የሚታወቁ ጥቂት ሰዎች ማለት ነው። ችግሩ መዝጋቢው ከአብራሪው ቀድሞ መድከሙ ነው።

ኮምፒውተር የመጣው ለዚህ ነው ማለት ይቻላል። እርሳሱን ከእጃችን ተቀብሎ ቁጥሩን ራሱ ይቆጥራል። አብራሪው በበረረ ቁጥር ድካሙ ይጨምራል፤ ርቀቱ ሲረዝም ጭማሪው ይከብዳል፤ ሰፈሩ ወባ ያለበት ከሆነ ይብሳል፤ ሲያርፍ ይቀንሳል። አውሮፕላኑም የራሱ ድካም አለው፤ ሞተር እንደ ሰው ያረጃልና። ለተጫዋቹ የተተወለት የመቶኛ ድልድል ነው፦ ከምድቡ ስንቱ እጅ ሰማይ ይጠብቅ፣ ስንቱ ይቃኝ፣ ስንቱ ልምምድ ላይ ይዋል፣ ስንቱ ይረፍ።

መጀመሪያ ስጫወት ለዕረፍት የምሰጠው ዜሮ ነበር። ስንፍና መስሎኝ። ሠላሳ ተዋጊ አውሮፕላን ያለው ሰው ዐሥሩን መሬት ላይ አስቀምጦ ሃያውን ብቻ ወደ ውጊያ መላክ ምን ይባላል? ጦርነቱ ዛሬ ነው፣ ቦምቡም የሚወርደው ዛሬ ነው እያልኩ ሁሉንም እልካለሁ። ሁለት ሦስት ቀን እውነትም ያዋጣል። በአራተኛው ቀን ግን ጨዋታው «በውጊያ ያልሆነ ኪሳራ» ብሎ የሚጽፋት ዓምድ ማበጥ ትጀምራለች። ጀማሪ ተጫዋች የጠላትን ብልሃት ሲፈልግ ያመሻል። ጠላት በቦታውም አልነበረም። የደከመ አብራሪ ነዳጁን በትክክል አያሰላም፣ ደመና ውስጥ አቅጣጫ ይስታል፣ ሲያርፍ ከፍታውን በሁለት ሜትር ይሳሳታል። ሁለት ሜትር ደግሞ ይበቃዋል።

ሳይንሱም ይህንኑ ይደግፋል። በ1997 ሁለት ተመራማሪዎች «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። በብዙ አገር መኪና መንዳት የሚከለከለው በዚህ መጠን ነው። ለአሜሪካ ጦር ከተሠሩት የበረራ መርሐ ግብር ማውጫ ፕሮግራሞች አንዱም እንቅልፍን እንደ ጋን ውሃ ይቆጥረዋል፤ ሲተኙ ይሞላል፣ ነቅተው ሲውሉ ይንጠፈጠፋል፣ በጣም ሲጎድል ደግሞ የሰውየው ፈቃደኝነትም ጀግንነትም የሚለውጠው ነገር የለም። ስለዚህ የጨዋታው ዓምድ ተራ መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ እውነተኛ አዛዦች የሚያዩት ሰንጠረዥ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ራባውል እንመለስ፤ ወደ እውነተኛዋ።

ጃፓኖች ይህችን በኒው ብሪትን ደሴት ላይ ያለች የወደብ ከተማ በጃንዋሪ 1942 ያዟት፤ የደቡብ ፓሲፊክ ትልቁ ሰፈራቸው አደረጓት። ኦገስት 7 ቀን የአሜሪካ ማሪኖች ጓዳልካናል ደሴት ላይ ወረዱ። በሁለቱ መካከል 560 የባሕር ማይል፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አለ፤ ከአዲስ አበባ ካርቱም ካለው የአየር ርቀት ጋር ይቀራረባል። በጨዋታው ካርታ ዐሥራ አራት ክፍል ነው። ጣት በካርታው ላይ ሲያልፍበት አንድ ትንፋሽ አይሞላም። «ዜሮ» የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ግን አራት ሰዓት ያህል ይሄዳል፣ እዚያ ደርሶ ጥቂት ደቂቃ ይዋጋል፣ ከዚያ በቀረችው ነዳጅ ሌላ አራት ሰዓት ይመለሳል። አብራሪው ብቻውን ነው። ራሱን የሚያበር መሣሪያ የለውም። እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ የለም። በስምንት ሰዓት ውስጥ ዓይኑ ከአድማስ ላይ ዝቅ ካለ፣ አንድም ጓደኞቹን ያጣል፣ አንድም ጠላት ሳያየው ይደርስበታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዚያ አካባቢ ሰማይ በነጎድጓድ ደመና ይዘጋል፤ የሚመለስበት ሰዓት ያ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ራሱ ርቀቱ ምን እንደሚያደርግ ታየ። ከራባውል ከተላኩት መካከል ዘጠኝ አነስተኛ ቦምብ ጣዮች ነበሩ፤ ሄደው ለመመለስ የሚበቃ ነዳጅ የመያዝ አቅም አልነበራቸውም። አዛዦቹ ይህን እያወቁ ላኳቸው። ዘጠኙም ጠፉ።

በዚያው ቀን ሳቡሮ ሳካይ የተባለ ስመ ጥር አብራሪ፣ ከፊቱ ያያቸውን የአሜሪካ አውሮፕላኖች ተዋጊ ናቸው ብሎ ከኋላ ተጠጋቸው። ቦምብ ጣዮች ነበሩ፤ ከኋላቸው መትረየስ የያዘ ሰው ተቀምጧል። ጥይት ራሱን መታው። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ፣ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፣ ደም የቀረውን ዓይኑን ጋረደው። በዚያ ሁኔታ 4 ሰዓት ከ47 ደቂቃ በርሮ ራባውል አረፈ፤ ከዚያም ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ለአለቆቹ ሪፖርት ላቅርብ አለ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለጀግንነቱ ነው። እኔ ሳነበው የሚታየኝ ግን ሰዓቱ ነው። ከቁስል ነጻ የሆኑት ጓደኞቹም በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ፣ ያንኑ ያህል ሰዓት በረዋል፤ የእነሱን ማንም አያነሣውም።

እዚህ ላይ ጨዋታው እኔን ያስተማረኝን ነገር ልናገር፤ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። የአብራሪን ድካም የሚቀንሰው ትልቁ መሣሪያ አካፋ ነው። በራባውልና በጓዳልካናል መካከል ቡገንቪል የተባለች ረጅም ደሴት አለች። በደቡብ ጫፏ፣ ቡዪን ላይ፣ ማኮብኮቢያ ቢኖር የጉዞው ርቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ የተጎዳ አውሮፕላንም ማረፊያ ያገኛል። ጃፓኖች ይህን ያውቁ ነበር። ግን የመሬት መቆፈሪያ ማሽን አልነበራቸውም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ጥቂት ነበራቸው፤ ሥራው በሰው እጅ ነበርና ቡዪን አገልግሎት መስጠት የጀመረው በኦክቶበር ነው። ከሁለት ወር በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ መካከል «ዜሮ 32» የሚባለው አዲሱ ሞዴል ራባውል ደርሶ ቆሞ ነበር፤ ሞተሩ በርትቷል፣ ጉዞው ግን አጥሯል፤ ስለዚህ ጓዳልካናል መድረስ አልቻለም። አዲስ አውሮፕላን እያለ የደከሙት ሰዎች በአሮጌው ተመላለሱ።

በጨዋታው ጃፓንን የሚይዝ ሰው ሁሉ ስለ አውሮፕላን ሞዴል ይከራከራል። ስለ ግንባታ ሻለቃ የሚከራከር አላጋጠመኝም። እኔ አሁን ዘመቻ ስጀምር በመጀመሪያው ወር ወደ ቡዪን መሐንዲስ እልካለሁ፤ ያን ጊዜ ማንም የቦታውን ስም አያውቅም፣ ባላጋራዬም ይስቃል። በሴፕቴምበር አብራሪዎቼ ሰባት ክፍል ብቻ ሲበሩ የድካም ዓምዴ ያርፋል። ዕረፍት ማለት መቶኛ መጻፍ ብቻ ይመስለኝ የነበረው ያን ጊዜ ተለወጠ።

በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ችግራቸው ተገላባጭ ነበር። ማሪኖቹ ጃፓኖች የጀመሩትን ማኮብኮቢያ ቀምተው ሄንደርሰን ሜዳ አሉት፤ በሚድዌይ የባሕር ውጊያ በሞተ የማሪን አብራሪ ስም ነው። ኦገስት 20 ቀን የመጀመሪያዎቹ 19 ዋይልድካት ተዋጊዎችና 12 ዶንትለስ ቦምብ ጣዮች አረፉበት። ለእነዚህ ውጊያው ከራሳቸው በላይ ነው፤ ርቀት የለም። በቡገንቪል ጫካ የተደበቁ የአውስትራሊያ ታዛቢዎች የጃፓን አውሮፕላኖች ሲያልፉ በሬዲዮ ያስጠነቅቃሉ፤ አሜሪካኖቹም ተነሥተው ከፍታ ለመያዝ የሚበቃ ጊዜ ያገኛሉ። ተመትቶ በጃንጥላ የወረደ አብራሪ በማግስቱ ተመልሶ ሊበር ይችላል።

እንቅልፍ ግን የለም። ቀን ቦምብ ይወርዳል። ሌሊት አንዲት አውሮፕላን ሰማይ ላይ እየዞረች አልፎ አልፎ ቦምብ ትጥላለች፤ የሞተሯ ድምፅ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ስለሚመስል «ማጠቢያ ማሽን ቻርሊ» አሏት። የምትገድለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሥራዋ መቀስቀስ ነው። ኦክቶበር 13 ለ14 አጥቢያ ኮንጎና ሃሩና የተባሉ ሁለት ግዙፍ የጦር መርከቦች ከባሕር ሆነው 970 ያህል ከባድ ጥይት ሜዳው ላይ አዘነቡ። ከዚያ ሌሊት የወጣ አብራሪ ጠዋት ዋይልድካት ውስጥ ሲቀመጥ በጨዋታው ቁጥር ስንት ይሰጠው? ምግቡም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ያውም ከጃፓኖች የተማረከ ሩዝ የተጨመረበት ነበር። ወባና ተቅማጡ ሲጨመር፣ ሜዳው ላይ ከጥይት ይልቅ በበሽታ የሚወድቀው ይበዛ ነበር።

ታዲያ ማን ቻለ? መልሱ ቀላል ነው፤ ምትክ ያለው። ኦገስት 20 ቀን ያረፈው የመጀመሪያው የማሪን ተዋጊ ስኳድሮን በኦክቶበር አጋማሽ ደሴቲቱን ለቅቆ ወጣ፤ ስምንት ሳምንት ያህል መሆኑ ነው። ሌሎች መጡ። በ26 አውሮፕላን ድል የሚታወቀው ጆ ፎስ እንኳ ወባ ሲይዘው ወደ አውስትራሊያ ተልኮ አርፎ ነው የተመለሰው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች እንዲያርፉ የተደረጉት ጦርነቱ ቀዝቅዞ አልነበረም። የመጀመሪያው ስኳድሮን የተቀየረው ደሴቲቱ ልትወድቅ በደረሰችበት ሳምንት ነው።

ጃፓኖች ጨካኝ ስለነበሩ አብራሪዎቻቸውን አላሳረፉም የሚል ነገር በየመጽሐፉ አለ። ግማሽ እውነት ነው። የሳካይ ምድብ የነበረው የታይናን የአየር ቡድን ቀሪዎቹ በኖቬምበር 1942 ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ የምድቡ መሪ ከነበሩት አንዱ የሆነው ጁኒቺ ሳሳይ ኦገስት 26 ቀን ሞቷል፤ ሌላው የቡድኑ ስመ ጥር አብራሪ ቶሺዮ ኦታ ኦክቶበር 21 ቀን ሞቷል። ያረፉት የተረፉት ናቸው። ከጦርነቱ በፊት የጃፓን ባሕር ኃይል አብራሪዎችን የሚመርጠው በጣም አጥብቆ፣ የሚያስመርቀውም በጣም ጥቂት ነበር፤ ምርጥ የሆኑት በዚያ ምክንያት ነው፣ ምትክ ያጡትም በዚያው ምክንያት። ሁለተኛ ምድብ የሌለው አዛዥ «ልላክ ወይስ ላሳርፍ» ብሎ ቢያስብ ሐሳቡ ለይስሙላ ነው። የሚመርጠው ነገር ከሁለት ዓመት በፊት ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ተመርጦለታል።

በዚያ ሌሊት እኔ ያደረግሁትም ይኸው ነበር። ስድስቱን አውሮፕላን ያጣሁት ሴፕቴምበር ላይ መስሎኝ ነበር። ወደ ኋላ ሄጄ የድሮ ተራዎቼን ስከፍት፣ በጁን ወር ተጠባባቂ አብራሪዎቼን ለልምምድ ሳልመድብ ዝም ብዬ እንዳለፍኩ አየሁ። ያን ጊዜ ሁሉ ሰላም ነበር። ልምምድ አሰልቺ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ምንም አይፈነዳም።

ይሁን እንጂ ዕረፍትም የራሱ ወጥመድ አለው፤ እንግሊዞች በ1940 አይተውታል። የተዋጊ አውሮፕላኖች ዕዝ አዛዥ የነበሩት ሂው ዳውዲንግ፣ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ የተዳከሙትን ስኳድሮኖች ወደ ጸጥተኛው ሰሜን እያወጡ በምትካቸው ከሰሜን ያረፉትን ያመጡ ነበር። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ያረፉት ግን ጦርነቱን አላዩትም፤ በመጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙዎቹ አለቁ። በሴፕቴምበር ላይ ዳውዲንግ ዘዴውን ለወጡ፤ ስኳድሮኖችን «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ» እንደማለት በሦስት ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ግንባር ላይ ይቆያሉ፤ የመጨረሻዎቹ ልምድ ያላቸውን ሰዎች እያወጡ ለመጀመሪያዎቹ ይሰጣሉ፣ ራሳቸውም አዲሶችን ያሠለጥናሉ። ስኳድሮን በስኳድሮን የነበረው ቅያሬ ሰው በሰው ሆነ።

ይህን ሳነብ በጨዋታው ያለ አንድ የታወቀ ጭንቀት ትዝ አለኝ። ልምዱ 75፣ ድካሙ 40 የሆነ አብራሪ አለህ። ልምዱ 35፣ ድካሙ 2 የሆነ ሌላም አለህ። ማንን ትልካለህ? እኔ የደከመውን እልካለሁ፤ ለአንድ ቀን። ለሦስተኛ ቀን አልልከውም፤ ባላጋራዬ ዋና ከተማዬን ቢያስፈራራም። አንድ ቀን የደከመ አዋቂ፣ ካረፈ ጀማሪ ይሻላል፤ በሦስተኛው ቀን ሁለቱም ጀማሪ ናቸው፣ አንደኛው ደግሞ እንቅልፍ የለውም።

አሜሪካኖች ከዚህ አልፈው ሄዱ። ምርጦቻቸውን ከግንባር አውጥተው አስተማሪ አደረጓቸው። በሚድዌይ የተዋጋውና በጥንድ የመዋጋት ዘዴውን የፈለሰፈው ጂሚ ታች ከዚያ ውጊያ በኋላ ወደ ማስተማር ተመደበ። በጨዋታው ይህን ለማድረግ ልምዱ ከፍ ያለውን አብራሪ ከምድቡ አውጥቶ ወደ ሥልጠና ዕዝ መላክ ነው። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው፤ ግን እጅ አይታዘዝም። ዛሬ ብቻውን ሦስት አውሮፕላን ከሚጥል ሰው መለየት ያማል፤ የሚያስገኘው ደግሞ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የሚታይ ነገር ነው። ጁን 19 ቀን 1944 በማሪያና ደሴቶች አቅራቢያ ጃፓን በአንድ ቀን ከሦስት መቶ በላይ አውሮፕላን አጣች፤ አሜሪካኖች በአየር ውጊያ ያጡት ከዚያ አንድ ዐሥረኛውን እንኳ አይሞላም። የዚያን ቀን የሚበሩት የጃፓን አብራሪዎች ደክመው አልነበረም። ሊያስተምሯቸው ይገባ የነበሩት ሰዎች ከሁለት ዓመት በፊት ደክመው ሞተው ነበር።

እስካሁን ጨዋታውን አመሰገንኩ። አሁን የሚጎድለውን ልናገር።

የቸርችል ሐኪም የነበሩት ሎርድ ሞራን፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በምሽግ ውስጥ ያዩትን ይዘው በ1945 ስለ ጀግንነት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ሐሳባቸው ባጭሩ፣ ድፍረት እንደ ባንክ ተቀማጭ ገንዘብ ነው፤ ሰው ከጦር ሜዳ በዋለ ቁጥር ከዚያ ያወጣል፣ ባዶ ሲሆን ያበቃል የሚል ነው። ድካምና ይህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ድካምን ሦስት ሌሊት የተኛ ሰው ይረሳዋል። ያኛውን ግን እንቅልፍ አይሞላውም። በጨዋታዬ የድካም ቁጥር ይወርዳል፣ ሞራል ይመለሳል፣ ልምድ ደግሞ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። ሁለት መቶ ጊዜ የበረረ አብራሪዬ ሁልጊዜ ከትናንቱ የተሻለ ነው። በእውነቱ ዓለም ሁለት መቶ ጊዜ የበረረ ሰው ሻይ ሲጠጣ ሲኒው ይንቀጠቀጥበታል።

ይህን የተረዱት አየር ኃይሎች ቁጥር ቆረጡ። የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ዕዝ ሰው 30 ጊዜ በርሮ ሲመለስ የመጀመሪያ ግዳጁን ጨረሰ ይባል ነበር። በእንግሊዝ የሰፈረው ስምንተኛው የአሜሪካ አየር ኃይል በ25 ጀመረ፤ ኋላ ወደ 30፣ በ1944 ወደ 35 ከፍ አደረገው። ኪሳራው ስለቀነሰ ነው የተባለው፤ 24 ጊዜ በርሮ ለተቀመጠው ልጅ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ደራሲው ጆሴፍ ሄለር በጣሊያን ግንባር 60 ጊዜ በርሯል፤ ቁጥሩ በየጊዜው ከፍ ስለሚልበት ቦምብ አነጣጣሪ ልብ ወለድ ለመጻፍ ከማንም በላይ መብት ነበረው። ጀርመኖች ቁጥር አልቆረጡም፤ ኤሪክ ሃርትማን ከ1,400 ጊዜ በላይ በረረ፣ 352 አውሮፕላን ጣለ፤ ያን ያህል ለመብረር ከተላኩት ውስጥ እሱን የሆኑት ግን እጅግ ጥቂት ናቸው።

ስለዚህ እኔ ጨዋታው ያላወጣውን ሕግ ለራሴ አውጥቻለሁ። አጠገቤ ደብተር አለ። አንድ አብራሪ ሃምሳ የውጊያ በረራ ሲሞላ፣ ድካሙ ዜሮ ቢሆንም ልምዱ የሚያስጎመጅ ቢሆንም፣ አውጥቼ ወደ ሥልጠና እልከዋለሁ። ባላጋራዬ ይህን ሲሰማ ሞኝነት ነው አለኝ፤ ኮምፒውተሩ ስለማያውቀው ነገር ብለህ ለምን ትቀጣለህ? ልክ ነው፤ በጨዋታው ሕግ ሞኝነት ነው። ደግሞም ለዚያ ሕግ ስል ሁለት ጊዜ ያህል ማሸነፍ የምችለውን ውጊያ ሰጥቻለሁ። አልተጸጸትኩም። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ሰው ማስታወሻ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ከሳካይና ከኦታ ጋር ስማቸው አብሮ ከሚነሣው አንዱ ሂሮዮሺ ኒሺዛዋ ነው። የራባውልን መንገድ ተመላልሶበት፣ በኖቬምበር 1942 ወደ አገሩ ከተመለሱት ጋር ተርፎ ወጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ወደዚያው ግንባር ተመለሰ። በጨዋታው ወደ ተጠባባቂ የተዛወረ አብራሪ መንገድ ላይ አይሞትም፤ ስሙ ከአንዱ ዝርዝር ጠፍቶ በሌላው ይታያል። ኒሺዛዋ ኦክቶበር 26 ቀን 1944 ፊሊፒንስ ውስጥ አውሮፕላኑን ለሌሎች አስረክቦ፣ አዲስ ሊረከብ በማጓጓዣ አውሮፕላን ተሳፈረ። የአሜሪካ ተዋጊዎች ማጓጓዣውን አግኝተው ጣሉት። መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ነበር፤ እሱ ተሳፋሪ ነው። ዕድሜው 24 ነበር።